አሮጌ ብስክሌት ፍለጋ፦ ከምናለሽ ተራ እስከ ሰቆጣ ገበያ

ለመሆኑ የአንድን አገር ታሪክ ከውራጅ ብረት ክምር ውስጥ ማንበብ ይቻላልን? ጥያቄው እንግዳ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ለበርካታ ዓመታት ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ወደ መርካቶ፣ ወደ ምናለሽ ተራ፣ ስመላለስ ቆይቼ የደረስኩበት መደምደሚያ «አዎን፣ ይቻላል» የሚል ነው። መጀመሪያ የወጣሁት ታሪክ ፍለጋ አልነበረም። የምፈልገው አሮጌ ብስክሌት ነበር፤ የሚጠገነውን ጠግኜ ልነዳው፣ የማይጠገነውን ደግሞ ከቤቴ ግድግዳ ላይ ልሰቅለው። ብስክሌትና ፖለቲካ ምን ያገናኛቸዋል የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እስከ መጨረሻው አብሮኝ ከዘለቀ መልሱን ከሰቆጣ ገበያ ያገኘዋል።

ምናለሽ ተራ ስሙን ያገኘው ከአንድ ጥያቄ ነው። ውራጅ ሰብሳቢው ጆንያውን ትከሻው ላይ ጥሎ «ቆራሌው!» እያለ በየሰፈሩ ይዞራል፤ በር ሲከፈትለትም የቤት እመቤቲቱን «ምን አለሽ?» ብሎ ይጠይቃል። እርሷም የተበሳ ድስት፣ የተሰበረ የአልጋ ብረት፣ ባዶ ጠርሙስ ታወጣለታለች። የተሰበሰበው ሁሉ መርካቶ ገብቶ ይለያል፣ ይቀጠቀጣል፣ ይበየዳል፣ ሌላ ነገር ሆኖ ይወጣል። በርሜሉ ምድጃ፣ የመኪናው ጎማ በረባሶ፣ የዘይቱ ጣሳ ኩራዝ ይሆናል። በዚህ ተራ የሞተ ዕቃ የለም፤ ስሙን የቀየረ ዕቃ ብቻ ነው ያለው።

ብስክሌትም እንዲሁ ነው። ሙሉ ሆኖ የሚገኘው በዕድል ነው። ቴላዮው ከአንዱ ሱቅ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ፣ ቸርኬው ከሌላው በር ሥር ተደርድሮ፣ መሪው ደግሞ ከውኃ ቧንቧ ጋር ተቀላቅሎ ይገኛል። ልምድ ያለው ፈላጊ ቀለም አይቶ አይገዛም፤ ቀለም ይዋሻልና። በመጀመሪያ የሚያየው የመሪውን አንገት ነው። እዚያ ላይ ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች ካሉ የፋብሪካው አርማ የተመታበት ቦታ ነው። ቀጥሎ ቴላዮውን ገልብጦ ፔዳሉ የሚታሰርበትን ጉሮሮ በጨርቅ ይጠርጋል፤ በብዙዎቹ ላይ መለያ ቁጥሩ የሚታተመው እዚያ ነውና። ከዚያም ፍሬኑን ያስተውላል። በሽቦ ሳይሆን በቀጭን የብረት ዘንግ የሚሠራ ፍሬን ካገኘ ዕድሜ ያለው አሠራር ከእጁ እንደገባ ያውቃል፤ ቢሆንም የህንድና የቻይና ፋብሪካዎች ይህንኑ አሠራር እስከ ቅርብ ጊዜ ስለቀጠሉበት ዘንግ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

አንድ ቅዳሜ አንድ ወጣት ነጋዴ ቀይ ቀለም የተቀባ ቴላዮ አወጣልኝ። «ጋሼ፣ ይሄ ቢላጥ ጣሊያን ነው» አለኝና በሳንቲም ጠርዝ ፋቀው። ከቀዩ ሥር ጥቁር፣ ከጥቁሩ ሥር ደግሞ የደበዘዘ አረንጓዴ ቀለም ታየ። በአንገቱ ላይ ሁለቱ ቀዳዳዎች ነበሩ፤ አርማው ግን የለም። እንደ ለኛኖ ያሉ የጣሊያን ፋብሪካዎች በአረንጓዴ ቀለማቸው ይታወቁ ነበርና ልጁ ሳይዋሸኝ አልቀረም አልልም፤ ዋሽቶኛልም አልልም። የገባኝ ግን ሌላ ነገር ነው። በአንድ ብረት ላይ ሦስት ቀለም ማለት ቢያንስ ሦስት ዘመን ማለት ነው። እኔ የያዝኩት ብስክሌት ብቻ ሳይሆን የባለቤትነት ሰነድ ነበር።

የብረቱና የቃላቱ ቅርስ

ከዚያን ቀን ወዲህ ያገኘኋቸውን ሁሉ እንደ መዝገብ እያየሁ በዘመን መደርደር ጀመርኩ። የታችኛው ንብርብር የጣሊያን ነው። እ.ኤ.አ. በ1885 በሚላኖ የተቋቋመው ቢያንኪና የእርሱ ተፎካካሪዎች የሠሩት ነው። ከእርሱ በላይ የእንግሊዙ ራሌይ ይመጣል፤ ይህ እ.ኤ.አ. ከ1887 ጀምሮ በኖቲንግሃም ከተማ የተነሣ፣ በአፍሪካ የእንግሊዝ ግዛቶች ሁሉ የፖስተኛው፣ የመምህሩና የቄሱ መጓጓዣ የሆነ ስም ነው። በላይኛው ንብርብር ላይ ደግሞ የሻንጋዩ ፎኒክስና የህንዱ ሂሮ ይገኛሉ። የአገራችን የውጭ ግንኙነት ከሮማ ወደ ለንደን፣ ከዚያም ወደ ምሥራቅ የተጓዘበትን ጎዳና አንድ የብስክሌት ጠጋኝ በጣቱ እየነካ ሊያሳየን ይችላል ማለት ነው።

ከብረቱ ይልቅ ጸንቶ የኖረው ግን ቃሉ ነው። ጠጋኙ ሲሠራ አድምጡት። ጎማ ይላል፤ ካላማዳሪ ይላል፤ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ቸርኬ፣ ካቴና፣ ፓራፋንጎ፣ ኩሽኔታ፣ ብሎን፣ ካቻቢቴ ይላል። እነዚህ ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ጣሊያን አዲስ አበባን የያዘው ከሚያዝያ 1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ነው። በአምስት ዓመት ውስጥ ባንዲራው ተሰቅሎ ወረደ፤ የመፍቻውና የጎማው ስም ግን ቀረ። ይህ የሆነው የእጅ ሙያ ከሠራተኛ ወደ ተለማማጅ የሚተላለፈው በቃል ስለሆነ ነው። ተለማማጁ «ካቻቢቴ አቀብለኝ» ሲባል ቃሉ የጠላት ነው ብሎ አይከራከርም፤ ያቀብላል።

የምንገበያይበት መርካቶ ራሱም የዚያው ዘመን ልጅ ነው። ከወረራው በፊት የከተማው ታላቅ ገበያ አራዳ፣ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። ወራሪው ነጩን ከጥቁሩ የሚለይ ከተማ ለመሥራት ሲያቅድ አራዳን ለራሱ አስቀርቶ የአገሬውን ሰው ገበያ ወደ ምዕራብ፣ ወደ አዲስ ከተማ ገፋው። «መርካቶ» ማለት በጣሊያንኛ ገበያ ማለት ነው፤ እኛ ዛሬ የኩራት ስም ያደረግነው መጠሪያ ሲወለድ የመገፋት ስም ነበር። የተገፋው ሕዝብ ያንን ቦታ የአገሪቱ የንግድ ልብ ማድረጉ ደግሞ የራሱ የሕዝቡ ታሪክ ነው።

ብስክሌቱ የመጣበት መንገድ

የጣሊያን ብስክሌት ወደ መሀል አገር የሚወርድበት ዋና ምንጭ አሥመራ ነበረች። እዚያ ጣሊያን የቆየው አምስት ዓመት ሳይሆን ግማሽ ምዕተ ዓመት ነው። ከተማዪቱ በደጋ ሜዳ ላይ የተሠራች፣ ጎዳናዋ የተነጠፈ፣ ሠራተኛዋ ብዙ ነበረችና ብስክሌት የኑሮ ዕቃ ሆነ። የዘር ሕግ ባየለበት ዘመን፣ በ1931 ዓ.ም.፣ ኤርትራውያን ከጣሊያኖች ጋር እንዲወዳደሩ ሲፈቀድ ገብረማርያም ገብሩ የተባለ ኤርትራዊ ማሸነፉ ዛሬም ይነገራል። ብስክሌት የበላይነትን ለማሳየት ቀርቦ የበላይነትን ያፈረሰ ዕቃ የሆነው እዚያ ነው።

ፌዴሬሽኑ በ1945 ዓ.ም. ሲመሠረት ይህ የውድድር ባህል የኢትዮጵያ ባህል ሆኖ ተቆጠረ። አገራችን በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትሳተፍ የላከችው ሯጮችን ብቻ አልነበረም፤ ብስክሌተኞችንም ልካለች። ከእነርሱ አንዱ ገረመው ደንቦባ በ1952 ዓ.ም. ሮማ ላይም ተወዳድሯል። በዚያው የሮማ ኦሊምፒክ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ወርቅ ስላመጣ የኢትዮጵያ ስፖርት ታሪክ ከዚያ ወዲህ የእግር ታሪክ ሆነ። ብስክሌቱ ተረሳ። የመቀሌው ልጅ ጽጋቡ ግርማይ በ2008 ዓ.ም. በቱር ደ ፍራንስ የተሰለፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን እንኳ ዜናው በሩጫው ዜና ጥላ ሥር ነው ያለፈው።

ሁለተኛዪቱ የብስክሌት ከተማ ባሕር ዳር ናት። እርሷ ያገኘችው ደግሞ በሌላ መንገድ ነው። ሜዳማ ከተማ መሆኗ ረድቷታል፤ ሜዳ ብቻውን ግን ብስክሌት አይገዛም። ብስክሌት የሚገዛው ሰዓት የሚጠብቅና ደመወዝ የሚቀበል ሰው ነው። ጣሊያን ለወረራው ከከፈለችው የጦር ካሣ ላይ በ1953 ዓ.ም. የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተተከለ፤ በ1955 ዓ.ም. በሶቭየት ኅብረት እርዳታ የፖሊቴክኒክ ተቋም ተከፈተ። የሳምንት ሠራተኛና ተማሪ ያለበት፣ ጎዳናው በፕላን የተቀየሰ ከተማ ተፈጠረ። በባሕር ዳር የብስክሌት ጠጋኞች ዘንድ ያገኘኋቸው አሮጌ ብስክሌቶች የእነዚያ የፈረቃ ሠራተኞች ቅሪት ናቸው።

እንግዲህ አንድ ሕግ የወጣልኝ መሰለኝ። አሮጌ ብስክሌት የሚገኘው የተነጠፈ መንገድ፣ ደመወዝና መለዋወጫ ዕቃ በአንድነት ለረጅም ጊዜ በኖሩበት ስፍራ ነው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ብስክሌቱ አይመጣም፤ ቢመጣም አያረጅም፤ ይሞታል። ለማርጀት መጠገን ያስፈልጋልና።

ሰቆጣ

ይህንን ሐሳብ የዋግ ተወላጅ ለሆነ አንድ ወዳጄ ሳወራው ዝም ብሎ ሰማኝና «ከሰቆጣ የመጣ አሮጌ ብስክሌት አግኝተህ ታውቃለህ?» አለኝ። አላገኘሁም። «ሂድና ፈልግ» አለኝ። በ2010 ዓ.ም. ሄድኩ።

ሰቆጣ ትንሽ ከተማ ናት ብሎ የሚንቃት ሰው ታሪኳን አያውቅም። የዋግ ሹሞች መቀመጫ ነበረች፤ እነርሱም የዘር ሐረጋቸውን ከዛጔ ነገሥታት ይቆጥራሉ። በከተማዋ አጠገብ ያለው የውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ ፍልፍል ቤተ ክርስቲያን የዋግ ሹሞችን አስከሬን እስከ ዛሬ ጠብቆ ይዟል። ከዚሁ ቤት የወጡት ዋግሹም ጎበዜ ዐፄ ቴዎድሮስ ካለፉ በኋላ በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነግሠው፣ በ1863 ዓ.ም. ዓድዋ አጠገብ በካሣ ምርጫ፣ በኋላ በዐፄ ዮሐንስ አራተኛ፣ ድል እስከሆኑ ድረስ ገዝተዋል። ዋግሹም ጓንጉል በ1888 ዓ.ም. በዓድዋ ጦርነት ጦራቸውን መርተዋል።

ከዙፋኑ የሚበልጠው ግን ገበያው ነበር። ከአፋር በረሃ፣ ከአርሆ የጨው ሜዳ፣ በግመልና በበቅሎ የወጣው አሞሌ ጨው በትግራይ በኩል አልፎ ሰቆጣ ይገባል፤ ከሰቆጣም ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ይበተናል። አሞሌ ወጥ ማጣፈጫ ብቻ እንዳልነበረ ታውቃላችሁ፤ ገንዘብ ነበር። በዛሬው ቋንቋ ብንናገር ሰቆጣ የብር ኖት የሚያልፍባት ከተማ ነበረች። ነጋዴው፣ ቀራጩ፣ የበቅሎ አከራዩ፣ ጠላ ሻጪዋ ሁሉ ከዚያ መንገድ ይበላ ነበር።

ገበያውን ከዳር እስከ ዳር ዞርኩት። ፍየል አለ፤ ነጩ የዋግ ማር አለ፤ ጤፍና ማሽላ አለ፤ አሞሌም አለ። ሁለት ሦስት አዳዲስ የቻይና ብስክሌቶች የሚነዱ ልጆች አይቻለሁ። አሮጌ ብስክሌት ግን የለም። የተሰበረ ቴላዮ የለም፤ የዛገ ቸርኬ የለም። አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ጥያቄዬን ሰምተው ሳቁ። በወጣትነታቸው ከደሴ ተዛውሮ የመጣ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ብስክሌት ይዞ እንደነበር አጫወቱኝ። «ካላማዳሪው ተበሳበት። ማስቲሽ የለ፣ ጠጋኝ የለ። ወደ ኮረም ሰው ላከ፤ ሰውዬው በሳምንቱ ባዶ እጁን ተመለሰ። ኋላ ጊዜ ብስክሌቱን በበቅሎ አስጭኖ ወደ ደሴ መለሰው፤ እኛም አጅበን ሸኘነው» አሉኝ።

ልወጣ ስል አንዲት እናት የስፌት ዕቃ ዘርግተው አየሁ። ከአክርማውና ከስንደዶው አጠገብ የሚያብረቀርቁ ወስፌዎች ነበሩ። አንዱን አንሥቼ «እናቴ፣ ይህ ከምን የተሠራ ነው?» አልኳቸው።

«የሳይክል ሽቦ ነው ልጄ። እሱ አይዝግም፣ አይታጠፍም። ነጋዴ ከወልድያ ያመጣልናል።»

«ሳይክሉስ?»

«ሳይክሉንማ እኔ ምን አውቄ! ለእኛ የሚደርሰን ሽቦው ነው።»

ወስፌውን ገዛሁት። ከሰቆጣ ያገኘሁት ብቸኛ አሮጌ ብስክሌት እርሱ ነው።

መንገዱን ማን ቀየሰው?

ታዲያ የአሞሌ መንገድ ያለፈባት ከተማ እንዴት የብስክሌት ሽቦ ብቻ የሚደርሳት ሆነች? መልሱ ከሰቆጣ በስተ ምሥራቅ በሚያልፈው አውራ ጎዳና ላይ ነው።

የጣሊያን ጦር በ1928 ዓ.ም. ከሰሜን ሲወርድ ዋናው ግጥሚያ የሆነው በአምባ አላጌ፣ በማይጨውና በኮረም መስመር ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በኮረም ሰፍረው ነበር፤ መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በማይጨው ተዋጉ። ድል ያደረገው ጦር በዚያው መስመር ወደ ደሴ፣ ከደሴም ወደ አዲስ አበባ ገሰገሰ። ከዚያ በኋላ የተሠራው አውራ ጎዳና የጦሩን ዱካ ተከትሎ አሥመራን ከአዲግራት፣ ከማይጨው፣ ከኮረም፣ ከአላማጣ፣ ከወልድያና ከደሴ ጋር አያይዞ በጣርማ በር ዋሻ በኩል አዲስ አበባ ገባ። ሌላው አውራ ጎዳና ደግሞ ከአሥመራ በዓድዋና በሊማሊሞ ወደ ጎንደር ሄደ። ዋግ በሁለቱ መካከል ቀረች። መንገዱ የተሠራው የኢትዮጵያን ገበያዎች ለማገናኘት አልነበረም፤ ወታደርና ጥይት ለማድረስ ነበር።

ዋግ ደግሞ ለወራሪው የተመቸች አልነበረችም። በ1929 ዓ.ም. ክረምት ዋግና ላስታ በደጃዝማች ኃይሉ ከበደ መሪነት ተነሡ። ደጃዝማቹ በ1930 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ተገደሉ፤ ራሳቸውም ተቆርጦ ለሕዝብ ማስፈራሪያ ታየ። መንገድ ያላገኘችው ዋግ የጦርነቱን ዋጋ ግን ሙሉ በሙሉ ከፍላለች።

እስከዚህ ድረስ ተጠያቂው ወራሪው ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ግን የራሳችን ጉዳይ ነው። ነፃነት ከተመለሰ በኋላ በ1943 ዓ.ም. የዓለም ባንክ ለኢትዮጵያ ለመንገድ ሥራ 5 ሚሊዮን ዶላር አበደረ፤ በዚያው ዓመት የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። ቀዳሚ ተግባሩም በጦርነትና በጥገና ማጣት የተበላሹትን ነባር መንገዶች ማደስ ሆነ። ውሳኔው በሂሳብ ሲታይ ትክክል ነው፤ ያለውን መንገድ ማደስ አዲስ ከመክፈት ይረክሳልና። ነባር መንገድ ማለት ግን በአመዛኙ ጣሊያን የቀየሰው ማለት ነበር። የወራሪው ጦር ካርታ የነፃዪቱ አገር የልማት ካርታ የሆነው በክፋት ሳይሆን በቁጠባ ነው። ለዚህ ነው ማንም ሳይቃወመው ያለፈው።

ከዚያ በኋላ መንገድ መንገድን ወለደ። አውቶቡሱ፣ መጋዘኑ፣ ሆስፒታሉ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ነዳጅ ማደያው ሁሉ በአውራ ጎዳናው ዳር ተደረደረ። ጨውም በቅሎዋን ትቶ በጭነት መኪና ሄደ፤ የጭነት መኪና ደግሞ በሰቆጣ በኩል የሚያልፍበት ምክንያት አልነበረውም።

የዚህ ሁሉ ዋጋ የታየው በ1977 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት ጥቅምት የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ለዓለም ያሳየው ያ አሰቃቂ የረኀብ ሰፈር ኮረም ነበር። ዓለም ኮረምን የረኀብ ምድር አድርጎ አወቃት። ነገር ግን በዚያ ሜዳ ከተኙት ብዙዎቹ የኮረም ሰዎች አልነበሩም። ከዋግ ተራሮች በእግራቸው የወጡ፣ ልጆቻቸውን ተሸክመው ቀናት የተጓዙ፣ በመንገድም የቀበሩ ሰዎች ነበሩ። ወደ ኮረም የሄዱት እህሉ እዚያ ስለነበረ ነው። እህሉ እዚያ የነበረው መኪና የሚደርሰው እስከዚያ ስለነበረ ነው። መኪና እስከዚያ የደረሰው ደግሞ በ1928 ዓ.ም. አንድ ጦር በዚያ ስላለፈ ነው። ድርቁን መንገድ አላመጣውም፤ ጦርነቱና የመንግሥቱ ዝምታም የራሳቸው ድርሻ አላቸው። ማን ስንት ቀን በእግሩ ሄዶ እርዳታ እንደሚደርስ የወሰነው ግን መንገዱ ነው።

የሚነሡ ተቃውሞዎች

«የዋግ ምድር ተራራና ገደል ነው፤ ብስክሌት ያልገባው በመልክዓ ምድሩ ምክንያት እንጂ በፖለቲካ አይደለም» የሚል አንባቢ ይኖራል። ተቃውሞው ሚዛን አለው። ሰቆጣ ባሕር ዳር አይደለችም፤ አሥመራም አይደለችም። ነገር ግን ደሴም ሜዳ አይደለችም፤ ጣርማ በርም ሜዳ አይደለም። ተራራው መንገድ እንዲሠራበት ሲፈለግ ተቦርቡሮ ዋሻ ወጥቶለታል። በሊማሊሞ ገደል ላይ ጠመዝማዛ መንገድ ተቀይሷል። እንግዲህ መልክዓ ምድር ዋጋውን ይወስናል እንጂ ውሳኔውን አይወስንም። ውሳኔው የሰው ነው።

ሌላው ደግሞ «ይህ ሁሉ ያለፈ ነው» ይላል። እውነት ነው፣ ዛሬ መኪና ሰቆጣ ይደርሳል። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. የሕፃናትን መቀንጨር ለማስወገድ ቃል ሲገባ ሰነዱን «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ብሎ መሰየሙም ያለ ምክንያት አይደለም። የአንዲት ከተማ ስም በዓለም አቀፍ ስብሰባዎች ላይ በመቀንጨር መጠሪያነት ሲነሣ፣ ያቺ ከተማ አንድ ጊዜ የገንዘብ መተላለፊያ እንደነበረች የሚያስታውስ ተሰብሳቢ ግን አላጋጠመኝም። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ዋግ ኽምራ ሲገባም የቀድሞው ሥዕል ተደገመ፤ ከአበርገሌና ከፃግብጂ የተፈናቀለው ሕዝብ ቀናት በእግሩ ተጓዘ። ሰማንያ አምስት ዓመት ቢያልፍም ዋግ ላይ ችግር ሲመጣ የመጀመሪያው መጓጓዣ እግር ነው።

ወደ ምናለሽ ተራ ስመለስ

አሁን አሮጌ ብስክሌት ማግኘት ከባድ ሆኗል። በአንድ በኩል የግንባታው ዘመን ብረት አስወድዷል፤ ውራጁ ወደ ማቅለጫ ፋብሪካ ገብቶ የፎቅ ብረት ሆኖ ይወጣል። ሚዛን ላይ የተጣለ ቴላዮ በኪሎ ይሸጣል፤ መለያ ቁጥሩን የሚያነብለት የለም። በሌላ በኩል ደግሞ የካፌና የሆቴል ባለቤቶች ለጌጥ ይገዙታል፤ በወርቅማ ቀለም ተቀብቶ አበባ ይተከልበታል። አንደኛው ያቀልጠዋል፣ ሁለተኛው ያስውበዋል፤ ሁለቱም ከየት እንደመጣ አይጠይቁም። እኔም ብሆን መጀመሪያ የወጣሁት ለግድግዳዬ ጌጥ ነበርና ከማንም የተሻልኩ አይደለሁም።

በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ የብስክሌት መስመር ተሠርቷል። የብስክሌት ወዳጅ እንደመሆኔ ደስ ብሎኛል፤ ነድቼበታለሁም። በዚያው ሥራ ግን ያ ጣሊያን ለራሱ ያስቀረው የአራዳና የፒያሳ ሰፈር ብዙ አሮጌ ቤቶቹን አጥቷል፤ ነዋሪውም እንደገና ወደ ከተማው ዳር ተገፍቷል። መርካቶ በተወለደበት መንገድ ሌሎች ሰፈሮች ዛሬም እየተወለዱ ነው። መንገድ ሲቀየስ የሚደርስበትን ሁላችንም እናያለን፤ የሚዘለውን ለማየት ግን የተዘለለው ሰው ቤት ድረስ መሄድ ያስፈልጋል።

የምለምነው ሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው ቀላል ነው። በምናለሽ ተራ፣ በባሕር ዳርና በሌሎቹም ከተሞች የቀሩት አሮጌ ብስክሌቶች ወደ ማቅለጫው ከመግባታቸው በፊት አንድ ሰው ቁጥራቸውን ይመዝግብ፤ የጠጋኞቹንም ትዝታ ይጻፍ። ይህ ሙዚየም እንኳ አይጠይቅም፤ ደብተርና እርሳስ ይበቃል። ሁለተኛው ከባድ ነው። አዲስ የመንገድ ካርታ በተዘረጋ ቁጥር «ይህንን መስመር መጀመሪያ የቀየሰው ማን ነበር? ለምንስ ጉዳይ?» ብለን እንጠይቅ። ያለውን ማደስ ይረክሳል የሚለው መልስ በ1943 ዓ.ም. ተሰጥቷል፤ ዕዳውን በ1977 ዓ.ም. የከፈለው ግን ከአበዳሪውና ከተበዳሪው ይልቅ የዋግ ገበሬ ነው።

ወስፌዋ ከጽሑፍ ጠረጴዛዬ ላይ ናት። እንግዳ ሲመጣ ግድግዳዬ ላይ የተሰቀለውን አረንጓዴ ቴላዮ እያየ ያደንቃል። እኔ ወስፌዋን አንሥቼ «ይህቺም ብስክሌት ናት» እለዋለሁ። ብዙዎቹ የምቀልድ ይመስላቸዋል። የዋግ ሰው ሲመጣ ግን አይስቅም።